ጭምብል መስጠት ይበቃልን?



በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ፣ በጨለለቅቱ አቅራቢያ የቡና መፈልፈያ ያላቸው አንድ አረጋዊ ምእመን ወደ እኔ ቀረቡና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ። «መምህር፣ አንድ ነገር ኅሊናዬን እየከነከነኝ ነው። ለሠራተኞቼ የአፍና የአፍንጫ ጭምብል ገዝቼ ለእያንዳንዳቸው አደልሁ። እነርሱ ግን ምስማር ላይ ሰቅለውት ይውላሉ። ከመካከላቸው አንዱ አሁን ሳል ጸንቶበት ሌሊት አይተኛም። እኔ የሚገባኝን አድርጌአለሁ፤ እንግዲህ ኀጢአቱ የማን ነው?»

መልሴ ፈጣን ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ የድርሻዎን ፈጽመዋል፤ የቀረው የእነርሱ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም እጄን ጨብጠው፣ ልባቸው ቀልሎ ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ ያን የታመመ ሰው ከመዘምራን መካከል አየሁት። ከዚህ ቀደም በጠንካራ ድምፁ መዝሙሩን የሚያነሣልን እርሱ ነበር። ያን ቀን ግን የመጀመሪያውን አዝማች እንኳ ሳይጨርስ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ወደ ውጭ ወጣ። ሳሉ ከግድግዳው ማዶ ለረዥም ጊዜ ተሰማን። በዚያች ሰዓት ለአረጋዊው የሰጠሁት መልስ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ይህ ጽሑፍ ያን መልስ እንደገና ለመመርመር የተጻፈ ነው። ጥያቄው የአንድ መፈልፈያ ቤት ብቻ አይደለምና እናንተም ከእኔ ጋር እንድትመረምሩት እለምናችኋለሁ።

እስትንፋስ በደመወዝ አይከራይም

ኦሪት ዘፍጥረት ስለ ሰው አፈጣጠር ሲናገር፣ እግዚአብሔር ሰውን ከምድር አፈር አበጅቶ የሕይወትን እስትንፋስ በአፍንጫው እፍ እንዳለበት ይተርክልናል (ዘፍ. 2፥7)። ከአፈር የተበጀው አካል ሕያው የሆነው በዚያ እስትንፋስ ነው። ስለዚህ እስትንፋስ ሰው በላቡ ያፈራው ሀብት ሳይሆን በአደራ የተቀበለው ስጦታ ነው።

ሠራተኛው ጉልበቱንና ጊዜውን በደመወዝ ይሰጣል፤ ይህም የተከበረ ነገር ነው። እስትንፋሱን ግን አልሸጠም፤ ሊሸጠውም አይችልም። ጆንያ የተሸከመ ሰው ሸክሙ ሲከብደው አውርዶ ያርፋል። የራበው እስከ ማታ፣ የጠማው እስከሚቀጥለው ምንጭ ይታገሣል። አየር ግን ቀጠሮ አይሰጥም። በአቧራ መካከል የቆመ ሰው «ይህን እስትንፋስ ልለፈውና ንጹሑን ልጠብቅ» ለማለት አይችልም። አሠሪው ሠራተኛውን ወደ አንድ ክፍል ባስገባው ጊዜ፣ በዚያ ክፍል ያለውን አየር ሁሉ አብሮ እንዲቀበል አድርጎታል ማለት ነው። የጥያቄያችን ሥር ያለው በዚህ ላይ ነው።

በመፈልፈያው ቤት ያለው አቧራ

ቡናን፣ እንሰትንና አገር በቀል ዛፎችን በአንድነት የሚያኖረው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ሁላችን ደስ ብሎናል። በዚህች ምድር የሚበቅለው ቡና በሩቅ አገር ሳይቀር በስሙ ይጠራል። ይሁን እንጂ ቡናው ከዛፉ እስከ ስኒው በሚያደርገው ጉዞ የሰው ሳንባ የሚፈተንበት ስፍራ አለ።

ቀዩ እሸት ወደ ማጠቢያ ሲሄድ፣ ሌላው በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ከነልባሱ ይደርቅና ጀንፈል ይሆናል። በበጋው ወራት ጀንፈሉ ወደ መፈልፈያ ይገባል። ማሽኑ ልባሱን ሲሰብር የደቀቀው ገለባ፣ ከመሬት የመጣው አፈር፣ ከሻጋታና ከረቂቅ ተሕዋስያን የተረፈው ብናኝ ሁሉ አብሮ ይነሣል። በጣሪያው ቀዳዳ ለሚገባው የፀሐይ ጨረር ያ ብናኝ የሚያምር ጭስ መስሎ ይታያል። ጆንያውን ወደ ማሽኑ አፍ የሚገለብጠው ሰው ግን ከዚያ ጭስ መካከል ይውላል።

ነገሩ በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአገራችን በሚገኙ 12 የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካዎች አቧራውን ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። በማሽን ክፍልና በማጓጓዝ ሥራ ላይ ከተሰማሩት ሠራተኞች ከተወሰዱት ናሙናዎች ከአሥሩ ስምንት የሚያህሉት በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር 10 ሚሊ ግራም ከሚለው ወሰን አልፈው ተገኝተዋል። በእጅ ቡና በሚለቅሙት ሴቶች ዘንድ የአቧራው መጠን በጣም ያነሰ ነበር። እነዚሁ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ባወጡት ሌላ ጥናት፣ የቡና ሠራተኞቹ የሳንባ ኃይል ውኃ በሚያሽጉ ፋብሪካዎች ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ሲነጻጸር ቀንሶ እንደ ተገኘ አስረድተዋል። አቧራው ሁሉም በሚያየው ማስነጠስና ሳል ይጀምራል፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ዘግይቶ የሚታወቅ ነው። ሕመሙ ከአደጋ የሚለይበትም ይህ ነው። እጁ በማሽን የተቆረጠን ሰው ሁሉ ያዝንለታል፤ እስትንፋሱ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት የተቀነሰበትን ሰው ግን «ጉንፋን ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ጭምብል ሁሉ አንድ አይደለም

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሁላችን አፍና አፍንጫችንን መሸፈን ተምረን ነበር። ያ ትምህርት መልካም ቢሆንም አንድ ስሕተት ትቶልናል፤ አፍን የሚሸፍን ነገር ሁሉ ሳንባን የሚጠብቅ መስሎናል። በዚያን ጊዜ ያደረግነው የጨርቅ መሸፈኛ በተለይ ከእኛ አፍ የሚወጣው ወደ ባልንጀራችን እንዳይደርስ ይረዳ ነበር። የአቧራ ሠራተኛ ግን የሚያስፈልገው ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባውን የሚያጣራ ነው።

ነጠላና ሻሽ ዐይን የሚያየውን ገለባ ይመልሳሉ። ወደ ሳንባ ጥልቅ የሚወርደው ብናኝ ግን ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ በመሆኑ በክሩ መካከልና በጉንጭ ዳር ባለው ክፍተት ያልፋል። ለዚህ የተሠራው፣ ብዙዎች «ኤን 95» በሚለው ስሙ የሚያውቁት ጭምብል፣ በፈተና ጊዜ ከረቂቅ ብናኝ ቢያንስ 95 ከመቶውን እንደሚያስቀር የተረጋገጠለት ነው። ይህም የሚሆነው ከፊት ጋር በሚገባ ሲጣበቅ ብቻ ነው። ጢም ካለ፣ ላስቲኩ ከላላ፣ የአፍንጫው ሽቦ ካልተጫነ አየሩ በማጣሪያው ሳይሆን በቀዳዳው ይገባል። ሲርስ፣ ሲቆሽሽ ወይም ለመተንፈስ ሲያስቸግር መለወጥ ይኖርበታል።

ደግሞም ለአቧራ የተሠራው ለመርዝ ጋዝ አይሆንም። ለተባይ ማጥፊያ ርጭት ወይም በእህል ጎተራ ለሚደረግ የመድኃኒት ጭስ ሌላ ዐይነት ማጣሪያ ያስፈልጋል። አየር በታጣበት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ምንም አይረዳም፤ የሚጣራ አየር የለምና። ይህን ሳይነግሩ ጭምብል መስጠት ሰውን በሐሰተኛ መተማመኛ ወደ አደጋ መላክ ነው።

የጣሪያው መከታ

እንግዲህ ወደ አረጋዊው ጥያቄ እንመለስ። ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው አንድ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳያመጣ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዘዋል (ዘዳ. 22፥8)። የእኛ የሣር ቤት ጣሪያው ሾጣጣ ነው፤ በዚያ አገር ግን ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለ ነበር ሰዎች በላዩ ይቀመጡ፣ ይሠሩ፣ ይተኙም ነበር።

ትእዛዙን በጥንቃቄ እንመልከተው። ባለቤቱ ለእያንዳንዱ እንግዳ ገመድ ሰጥቶ «ወገብህን እሰር፤ ካልታሰርህ ዕዳው የራስህ ነው» እንዲል አልተፈቀደለትም። መከታውን ከቤቱ ጋር እንዲሠራው ታዘዘ እንጂ። እንግዳው ቢዘናጋ፣ ሕፃን ቢሆን፣ በጨለማ ቢነሣ እንኳ መከታው በስፍራው ቆሞ ይጠብቀዋል። ሕጉ የሰውን ድካም አስቀድሞ አውቆታል።

ጭምብል ገመዱ ነው። መከታው ግን አቧራው ከምንጩ እንዳይነሣ ማድረግ ነው፤ ማሽኑን መክደን፣ ገለባውን በቱቦ ወደ ውጭ ማስወጣት፣ ግድግዳውን ለነፋስ መክፈት፣ ቡናውን ከከፍታ አለመገልበጥ። የሥራ ጤና ባለሙያዎችም ይህን ቅደም ተከተል ያስተምራሉ፤ አደጋውን ማስወገድ ይቀድማል፣ ካልተቻለ ከሰው መለየት ይከተላል፣ ከዚያም የሥራውን ሥርዓትና ሰዓት ማስተካከል ይመጣል፤ ሰውን በጭምብል መሸፈን የመጨረሻው ነው። የመጨረሻ ነው ማለት ግን የማያስፈልግ ነው ማለት አይደለም። መከታው ተሠርቶ እስኪያልቅ፣ ከተሠራም በኋላ ለሚተርፈው አቧራ፣ ገመዱ ሕይወት ያድናል። ኀጢአቱ ገመዱን በመከታው ፈንታ ማቆም ነው።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ታሪክ መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1931 በአሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሃክስ ኔስት በተባለ ስፍራ የውኃ መውረጃ ዋሻ ሲቈፈር፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች የሆኑ ሠራተኞች የደረቀውን ዓለት ያለ ጭምብል ቈፈሩ። ዓለቱን በውኃ እያራሱ መቈፈር አቧራውን ይቀንስ እንደ ነበር ይታወቃል፤ ሥራው እንዲፈጥን ግን ተተወ። አለቆች ሊጎበኙ ሲገቡ ጭምብል ያደርጉ እንደ ነበር ምስክሮች ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1936 ጉዳዩ በአገሪቱ ምክር ቤት ሲመረመር የሟቾች ቁጥር 476 እንደ ደረሰ ተነገረ። በዚያ ዋሻ አደጋው ያልታወቀ አልነበረም፤ እስትንፋሱ የሚቈጠርለትና የማይቈጠርለት ሰው ተለይቶ ነበር እንጂ።

«እምቢ ያለው እርሱ ነው»

«እኔ ሰጥቻለሁ፤ እነርሱ እምቢ አሉ» የሚለው ቃል ግን ገና መልስ ይጠብቃል። ሰው ነጻ ፈቃድ አለውና።

የታመመውን ወንድም በቤቱ ሄጄ ጠየቅሁት። «ለምን አላደረግኸውም?» ባልሁት ጊዜ ጥቂት ዝም ብሎ እንዲህ አለኝ። «መምህር፣ ለጉራ አይደለም። የምንከፈለው በጆንያ ቍጥር ነው። ያን አፌ ላይ አድርጌ እስትንፋሴ እያጠረኝ ስሠራ፣ ጓደኛዬ ሃያ ሲገለብጥ እኔ አሥራ አምስት ላይ ነኝ። የተሰጠንም አንድ አንድ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ቀን በላብ ርሶ ላስቲኩ ተበጠሰ። ሌላ ብጠይቅ ‹ይህ ሰው ሥራ አይወድም› እንዳልባል ፈራሁ። ማታ ልጆቼ የሚጠብቁት ቆጮውን ነው፤ ሳንባዬን አይደለም።»

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተሰኘው ዓዋዲ መልእክታቸው ስለ ደመወዝ ሲያስተምሩ፣ ሠራተኛው ከችግር ወይም ከባሰ ነገር ፍርሃት የተነሣ ከባድ ሁኔታን ቢቀበል የግፍ ሰለባ ሆኗል እንጂ በነጻነት ተስማምቷል እንደማይባል ገልጸዋል። ከማንኛውም ውል በፊት የተፈጥሮ ፍትሕ አለና። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1981 «ላቦሬም ኤክሰርቼንስ» በተባለው መልእክታቸው ሥራ ለሰው እንጂ ሰው ለሥራ እንዳልተፈጠረ አስረድተዋል። ታዲያ ጭምብሉን በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው እጁ ጭምብሉን ላወለቀ ብቻ የሚጠቅም የክፍያ ሥርዓት ያቆመ አሠሪ፣ በእርግጥ ሰጥቷልን? ምስማሩ ላይ የተሰቀለው ጭምብል የሠራተኛውን ስንፍና ብቻ አይመሰክርም፤ የሥራውንም አደረጃጀት ይከሳል።

ይህን ስል ሠራተኛውን ከኀላፊነት ነጻ ማውጣቴ አይደለም። እስትንፋስ አደራ ከሆነ፣ አደራውን የሚጠብቀው በመጀመሪያ የተቀበለው ነው። አምስተኛው ትእዛዝ የባልንጀራን ሕይወት ብቻ ሳይሆን የራስንም ሕይወት ያስከብራል። የሚሠራ ጭምብል ተሰጥቶት፣ ምቹ ጊዜ ተመድቦለት፣ ጓደኞቹ እንዳያሾፉበት ብሎ የሚያወልቀው ሰው አደራውን ያቃልላል። እርሱን አይቶ ለሚያወልቀው ወጣትም ይጠየቅበታል። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው የአባቶች ቃል የተነገረው ለሁላችን ነው።

የአገራችን ሕግም ሸክሙን ለሁለቱም አካፍሏል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና ስለ አጠቃቀሙ እንዲያስረዳ፣ በአንቀጽ 93 ሠራተኛው በአግባቡ እንዲጠቀምበት ያዛል። ሕጉ ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ያስቀመጠው አንዱ በሌላው እንዲያመካኝ አይደለም።

«አቅም የለኝም» ለሚል ወንድም

አንዳንድ አሠሪ ትልቅ ባለሀብት አይደለም። የአቧራ መምጠጫ ማሽን ዋጋው ከመፈልፈያው ገቢ በላይ ይሆንበታል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ የማይቻለውን የሚያዝ ኅሊናም የለም። ነገር ግን ብዙው ነገር ከገንዘብ ይልቅ አሳብ ይፈልጋል። መስኮት መክፈት፣ ሰውን ከነፋሱ አቅጣጫ በላይ ማቆም፣ የማሽኑን አፍ በጣውላና በጨርቅ መክደን፣ ጆንያውን ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ መገልበጥ፣ ቡና በሌለበት ወለል ላይ ውኃ ረጭቶ መጥረግ፣ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ በአቧራው እንዳይውል ማፈራረቅ ብዙ ወጪ የለባቸውም። የሚገባውን ያህል ጭምብል መግዛትም ከአንድ ሰው ሕመም ይረክሳል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ሳይሆን የቀረው ሁሉ ከአቅም ማነስ መሆኑን ወይም ካለመፈለግ መሆኑን ግን እያንዳንዱ በእግዚአብሔር ፊት ራሱን ይጠይቅ።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ቡናውን በጠዋትና በማታ የምንጠጣ፣ በዋጋው ርካሽነት የምንደሰት፣ በኮብልስቶን መንገድ ስንሄድ ድንጋዩን ሲጠርብ የዋለውን ልጅ ሳል የማንሰማ ሁላችን ተካፋዮች ነን። ጢስ በሞላበት ማድ ቤት ዕድሜያቸውን የሚፈጁት እናቶቻችንም ጭስ ማውጫ የሚሠራላቸው አጥተው ዐይናቸው ሲቀላና ደረታቸው ሲጠብ ኖሯል። የሌላውን መፈልፈያ የምንከስ ከሆነ በቤታችን ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ከመክፈት እንጀምር።

ለአረጋዊው የሰጠሁት ሁለተኛ መልስ

ወደ አረጋዊው ሄጄ «ጋሼ፣ ባለፈው የሰጠሁዎ መልስ ስሕተት ነበርና ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። ያ ወንድም የነገረኝን በእርሱ ፈቃድ አስረዳኋቸው። ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «በጆንያ መክፈሉ ይህን ያመጣል ብዬ አላሰብሁም» አሉ።

በዚያ በጋ የመፈልፈያው ቤት አንድ ወገን ግድግዳ ተከፈተ፤ ገለባው ወደ ውጭ የሚወጣበት ቱቦ ተቀጠለ። በማሽኑ አፍ የሚሠሩት ሁለት ሰዎች ክፍያ በቀን ሆነ። ጭምብሉም በየጊዜው እየተለወጠ ይሰጥ ጀመር። ሁሉ ተስተካክሏል ለማለት አልደፍርም፤ አሁንም በጥድፊያ ቀን ምስማሩ ላይ የሚሰቀል ጭምብል አይጠፋም። ያ ወንድም ደመወዙ ሳይቀነስበት በማድረቂያ አልጋው ዘንድ ይሠራል። ሳሉ ቀንሶለታል፤ አልተወውም። መዝሙሩን አሁን ሌላ ሰው ያነሣል፤ እርሱ ከኋላ ሆኖ ዝቅ ባለ ድምፅ ይቀበላል።

ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1700፣ ራማዚኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም ስለ ሠራተኞች ሕመም በጻፈው መጽሐፍ፣ ሐኪም በሽተኛውን ሲጠይቅ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን እንዲጨምር መክሯል። እኛም ድውያንን ስንጎበኝ ይህን ጥያቄ እንጨምር። «እግዚአብሔር ይማርህ» ከማለታችን ጋር «የት ነው የምትውለው? የምትተነፍሰው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። እኔም ለዚያ አረጋዊ በደጃፉ ላይ ፈጥኜ ከመመለሴ በፊት ይህን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ በሆነ ነበር።

የሕይወትን እስትንፋስ የሰጠን አምላክ የወንድሞቻችንን እስትንፋስ የምንጠብቅበት ልብ ይስጠን።

ለካቴኪስቶችና ለቡድን ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ሰዎች አቧራ፣ ጢስ ወይም መርዝ እየተነፈሱ የሚሠሩባቸው ስፍራዎች የትኞቹ ናቸው?

2. በዘዳግም 22፥8 የተነገረው «መከታ» በእነዚያ ስፍራዎች ምን ሊሆን ይችላል? «ገመዱ»ስ?

3. ሰው ከችግር የተነሣ አደገኛ ሥራን «በፈቃዱ» ቢቀበል የአሠሪው ኀላፊነት ይቀንሳልን? ለምን?

4. በቤታችሁ ማድ ቤት ያለውን ጢስ ለመቀነስ በዚህ ወር ልታደርጉት የምትችሉት አንድ ነገር ምንድን ነው?